ከሃያ ስምንቱ ሰባቱ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰፈሩ የሚስቅበት አንድ አመል አለኝ። እዚህ ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ሰፈር፣ ከቤቴ ፊት ለፊት ያለችው ባለሱቅ «እትዬ በላይነሽ፣ እንዴት አደሩ?» ስትለኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ሳልጨርስ «አንቺስ፣ ሆድሽ እንዴት ነው?» እላታለሁ። ለቅሶ ቤት ሳይቀር አምልጦኛል። ወንድሟን የቀበረች ሴት አጠገብ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ፣ እግዜር ያጽናሽ ማለት ሲገባኝ «ሆድሽ እንዴት ሰነበተ?» አልኋት። ጎረቤቶቼ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። እኔ አልሳቅሁም። ይህች ጥያቄ አንድ ቀን፣ መውጣት በነበረባት ሰዓት፣ ከአፌ ሳትወጣ ቀርታለች። ከዚያ ወዲህ በማይገባት ቦታ ሁሉ ትወጣለች።

የተወለድሁት ተጉለት ነው። ጅማ የመጣሁት መንግሥት በተለወጠ ሰሞን፣ በጤና ረዳትነት ተመርቄ፣ አንድ ሻንጣና አንድ ዳዊት ይዤ ነው። አባቴ ሲሸኙኝ «የሰው ሀገር ነው፤ አንገትሽን ሰብረሽ ኑሪ» አሉኝ። ሰብሬ ኖርሁ። ደፋር ሰው ሆኜ አላውቅም። የመድኃኒት ቁምሳጥን ስቆልፍ ሦስቴ እጎትተዋለሁ፤ ማብቂያ ቀኑን ያየሁትን መድኃኒት ደግሜ አየዋለሁ።

መጀመሪያ የተመደብሁት ሰቃ ነበር። ያኔ የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ ወደ ኦሮምኛ እየዞረ ስለነበር መዝገቡም ደብዳቤውም በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ ሆነ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ጠርተው «በላይነሽ፣ ቋንቋውን ቶሎ ካልያዝሽ ምን እንደማደርግሽ እንጃ» አሉኝ። ያን ሳምንት እህል አልወርድልኝ አለ። ቋንቋውን ያስተማሩኝ በሽተኞቹ ናቸው። መጀመሪያ ያወቅኋት ቃል «ገራ» ናት፤ ሆድ ማለት ነው። ሁሉም እጁን እዚያው ላይ አድርጎ ይመጣ ነበርና።

ስለ ደመወዝ አላወራም፤ ይበቃ ነበር ማለት ውሸት ነው፣ ጾሜን አደርሁ ማለትም ውሸት ነው። ስለ ሥራው ነው ማውራት የምፈልገው። ሥራ ያስተማሩኝ ደግሞ ከሰቃ ወደ የቡ ስዛወር ያገኘኋቸው ሲስተር ማርታ ናቸው።

ሲስተር ማርታ የከምባታ ሰው፣ አዋላጅ ነርስ፣ አጭር፣ ሲራመዱ የማይሰሙ ሴት ነበሩ። ጴንጤ ናቸው፤ እኔ ደግሞ ቁምሳጥን ከመክፈቴ በፊት ውዳሴ ማርያም የምደግም ሰው ነኝ። እየሰሙ እስክጨርስ ይጠብቁና «በይ እንግዲህ፣ እግዚአብሔር ይጠብቀዋል፤ ቁልፉን ግን አንቺ ያዢ» ይሉኝ ነበር። የቤተሰብ ምጣኔ ክፍሉን አብረን ያዝን። ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የምርመራ አልጋ፣ ሁለት ወንበር፤ መስኮቱ ላይ መጋረጃ የሆነ የአልጋ ልብስ።

የእሳቸውን አሠራር ልንገራችሁ። አንዲት ሴት ክኒን ልትወስድ ስትመጣ ስለ ማህፀኗ አይጀምሩም፤ ስለ ሆዷ ነው የሚጀምሩት። ሦስት ጥያቄ ነበራቸው። «ሆድሽ እንዴት ሰነበተ? አስመልሶሽ ወይ አስቀምጦሽ ያውቃል? ከቤትም ይሁን ከሱቅ ሌላ ምን ወስደሻል?» ሦስተኛዋን ሲጠይቁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ በሩ ያያሉ። ሴት ልጅ ኮሶ ጠጣሁ፣ እንቆቆ ወሰድሁ ብላ በሰው ፊት አትናገርም። በእኛም ሀገር ኮሶ የጠጣ ሰው በሩን ዘግቶ ይውላል፤ እንግዳ ሲመጣ «የለም» ይባላል። የጅማ ሰዎች ኮሶን ሄጦ ይሉታል፤ ነውሩ ግን ያው ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ለብቻ መሆን ነበረበት። ሴቶቹ ግን ለብቻቸው አይመጡም፤ አማት ትከተላለች፣ እህት ትከተላለች። ሲስተር ማርታ መላ አበጅተውለት ነበር። ካርዱን ሆን ብለው ካርድ ክፍል ያስቀሩታል። ከዚያ ተከትላ ወደመጣችው ሴት ዞር ብለው «እናቴ፣ ካርዷ እዚያ ቀርቷል፤ እባክዎ ይቀበሉልን» ይላሉ። ከእኛ በር እስከ ካርድ ክፍሉ አርባ እርምጃ ነው። ቆጥሬዋለሁ። አርባ ሲሄዱ፣ አርባ ሲመለሱ።

«ይህ ማታለል አይሆንም ሲስተር?» አልኋቸው አንድ ቀን።

«ካርዱ እዚያ የለም?»

«አለ።»

«ታዲያ ምኑ ነው ማታለል? አሮጊት ከሆኑማ መንገድ ላይ ወሬ ይጨምራሉ፤ ያ የእኔ ትርፍ ነው።»

ለምን ሆድን እንደሚያስቀድሙ ያስረዱኝ የቡና ማጠቢያው ገንዳ ዳር ነው። ለክትባት ወጥተን፣ ቀን ላይ፣ የማጠቢያው ሠራተኞች ጥላ ሰጥተውን አረፍን። ቀዩ እሸት በመፈልፈያው አልፎ፣ ቆዳው ተገፍፎ ፍሬው ገንዳ ውስጥ ተነክሯል። ዝልግልጉ ግን ገና እንደያዘው ነው። ሲስተር ማርታ እጃቸውን ነክረው አንድ እፍኝ አወጡና መዳፌ ላይ አደረጉት። እንደ ዓሣ አሙለጨለጨኝ።

«ይህን ዝልግልግ ማን የሚያላቅቀው ይመስልሻል?»

«ውሃው።»

«ውሃው አይደለም። በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ፍጥረታት ናቸው። በልተው ይለቁታል። ያኔ ፍሬው ሲታሽ እንደ ጠጠር ይኮረኩርሻል። እንግዲህ ስሚኝ። የክኒኑ ሆርሞን፣ ኤስትሮጅን የሚባለው፣ ደም ውስጥ ዞሮ ዞሮ ጉበት ጋ ይደርሳል። ጉበት ያስረውና ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይጥለዋል፤ ውጣ ብሎ። አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ደግሞ፣ ልክ እንደ እነዚህ፣ እስሩን ይፈቱታል። የተፈታው ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። ሴቲቱ ከራሷ ገላ የምታወጣውም እንደዚሁ ነው። ገንዳው ከታጠበ፣ ወይ በመድኃኒት ከተቃጠለ፣ ማን ይፈታዋል? ሆድና ማህፀን አንድ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤቶች ናቸው፤ አንዱ ቤት ሲንኳኳ ሌላው ይሰማል።»

እጄን በማጠቢያው ቦይ ውስጥ ታጠብሁ። ያን ቀን ፍርሃት ጨመረብኝ እንጂ ዕውቀት አልመሰለኝም። ይህን ያህል የማይታይ ነገር ሴቶቻችን ሆድ ውስጥ እየሠራ እኔ ደፍሬ ክኒን እሰጣለሁ? ለንስሐ አባቴም ነገርኋቸው። ስለ ባክቴሪያው ሳይሆን ስለ ሥራው፤ ኃጢአት ይሆንብኛል ብዬ ነበርና። «ለምን ትሠሪዋለሽ?» አሉኝ። «እናቶች እንዳይሞቱ ነው አባ።» «እንግዲያው እየፈራሽ ሥሪ» አሉኝ። ሌላ አላሉም።

አሁን ወደ ዘሃራ እመጣለሁ። ስሙ የእሷ አይደለም፤ ለውጬዋለሁ።

ዘሃራ የመጣችብን ሁለተኛ ልጇን በቀዶ ጥገና በወለደች በሦስተኛው ወር ነው። የመጀመሪያዋ፣ እሷም በቀዶ ጥገና የተወለደች ሴት ልጅ፣ በሕይወት አለች፤ ሁለተኛው አልተረፈም። ጅማ ሆስፒታል ሆዷን ሲከፍቱት ማህፀኗ በአሮጌው ስፌት ላይ መተርተር ጀምሮ ነበር። ሐኪሙ ለብቻዋ «ሌላ እርግዝና ሊገድልሽ ይችላል» ብሏታል። እሷ ቤቷ ገብታ የተናገረችው ግን «ትንሽ እረፊ ብለውኛል» የሚለውን ብቻ ነው።

«ለባልሽ እንኳ አልነገርሽም?» አሏት ሲስተር ማርታ።

«አትወልድም ከተባልሁ ነገ ሌላ ሚስት ትመጣለች ሲስተር። አማቴ ሃርሜ ፋጡማ ክፉ ሴት አይደሉም፤ ግን ቤታቸው በልጅ እንዲሞላ ነው ሌት ተቀን ዱዓ የሚያደርጉት።»

ሃርሜ ማለት እናቴ ማለት ነው፤ እኔም በኋላ እንደዚያው ጠራኋቸው።

መጀመሪያ የሦስት ወር መርፌ ሰጠናት። መርፌው ደሟን አዛባው፤ ጠብ ጠብ እያለ ሳምንታት ቆየ። ደም ላይ ያለች ሴት አትሰግድም። ሃርሜ ፋጡማ የምራታቸውን ሰላት እንደ ልጃቸው ትንፋሽ ይቆጥሩት ነበርና «ስንት ቀን ሆነሽ መስገጃውን ከነካሽ?» ማለት ጀመሩ። ምስጢሩ በዚያ በኩል ሊወጣ ሆነ። ስለዚህ ወደ ክኒን ዞርን።

ክኒኑ በአንድ እሽግ ሃያ ስምንት ፍሬ ነው። ሃያ አንዱ ነጭ፣ እሱ ነው ሆርሞኑ። የመጨረሻዎቹ ሰባት ቡናማ ናቸው፤ እነሱ ለደም ማነስ የሚሰጥ ብረት እንጂ ሌላ ነገር የለባቸውም። ዘሃራ በቤት ውስጥ «የደም ማነስ ክኒን ነው» እንድትል ተስማማን። እኔ ይህን ለራሴ እንዴት እንዳጸደቅሁት ታውቃላችሁ? ከሃያ ስምንቱ ሰባቱ እውነት ናቸው እል ነበር። ማታ ስጸልይ ሃያ አንዱ ይመጡብኛል፤ ሰባቱን እያነሳሁ እከራከራቸዋለሁ።

እንዲህ ሆኖ ዓመት ከመንፈቅ ሄደ። ዘሃራ ወር ጠብቃ ትመጣለች፤ ሃርሜ ፋጡማ ይከተሏታል፤ ሲስተር ማርታ ካርድ ያስመጧቸዋል፤ ሦስቱ ጥያቄዎች ይጠየቃሉ። ከዚያ ሲስተር ማርታ ወደ ጅማ ተዛወሩ። ቁልፉን እጄ ላይ ሲያደርጉ «አርባ እርምጃዋን እንዳትረሺ» አሉኝ።

አልረሳኋትም። ይህን በደንብ አስተውሉልኝ። ረስቼ አይደለም።

ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ገበያ ቀን ነበር። በራችን ላይ ያለው ሰልፍ እስከ ግቢው ዛፍ ደርሷል። ዘሃራ ከሃርሜ ፋጡማ ጋር ገባች። ከንፈሯ ደርቋል፣ ዓይኗ ገብቷል። ሃርሜ ፋጡማ ወንበሩ ላይ ተደላድለው ተቀመጡና ጮክ ብለው፣ ለሰልፉም እንዲሰማ፣

«ሲስተር፣ ይቺን ልጅ እዪልኝ! ሆዷ ታጥቦ ታጥቦ ጠራ። አሁን የቀረው መሙላት ነው!» አሉ።

በር ላይ ያሉት ሴቶች ሳቁ። አንዷ «ማን ይሙላው ታዲያ ሃርሜ?» አለች፤ ደግሞ ሳቁ።

«ባሏ ምን ሠርቶ ይበላል?» አሉ ሃርሜ ፋጡማ። «የእኛ እናቶች ሆድ ሲታጠብ ማህፀን ይከፈታል ይሉ ነበር። እናንተ ተማርን ባዮቹ ደግሞ ዓመት ሙሉ ደሟ አነሰ፣ ደሟ አነሰ ትሉናላችሁ። የማይሞላ ደም ነው እንዴ ሲስተር?»

ፈገግ አልሁ። የተማረ ሰው ፈገግታ ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። የአሮጊት ተረት ነው ብዬ አለፍሁት። ግን በልቤ አንድ ነገር ነካኝ። የዘሃራን ከንፈር አየሁ። ካርዱ እንደ ልማዱ ካርድ ክፍል ነበር። «እናቴ፣ ካርዷን ይቀበሉልን» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሃርሜ ፋጡማ ግን ዓይናቸውን ከእጄ ላይ፣ ክኒኑን ከያዘው ፖስታ ላይ አልነቀሉም። ያን አተያይ ፈራሁት። ካስወጣኋቸው ይጠረጥራሉ፤ ከጠረጠሩ የዘሃራ ቤት ይፈርሳል፤ እኔም የሰው ሀገር ሰው ነኝ፣ «ምራታችንን መካን አደረገች» ከተባለ ማን ይቆምልኛል? ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብሁ። የሁለት ወር ክኒን የያዘውን ፖስታ ለዘሃራ ሰጠሁና «ከሁለት ወር በኋላ ነይ» አልኋት።

ሰባት ሳምንት ቆይታ ብቻዋን መጣች። ከየቡ ወጣ ካለው ቀበሌያቸው በእግሯ፣ ለገበያ ነው ብላ። በሩን ዘጋችና ቆማ ቀረች።

«ሲስተር፣ ቀርቷል» አለች።

«ምኑ?»

«የወር አበባዬ። ሁለተኛው መጣ አልመጣ ብዬ ስጠብቅ ነበር።»

መረመርኋት። አርግዛለች። ያኔ፣ ያን ጊዜ ነው የጠየቅኋት። «ሆድሽ እንዴት ሰነበተ?»

ነገረችኝ። አማቷ ሄጦ ወቅጠው አጠጥተዋት ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፣ በሳምንቱ ደግመው። ሁለት ቀን አስመለሳት። ከዚያ ተቅማጡ አልቆም አለ፤ ባሏ ከሱቅ ቴትራሳይክሊን ገዝቶ ቀንና ማታ አስዋጣት። ቆመላት። «ክኒኑንስ?» አልኋት። «አንዲትም አላቋረጥሁ፣ ወላሂ። ሲያስመልሰኝም ውጬዋለሁ።» ውጣዋለች። ገንዳው ግን ታጥቦ፣ ቀጥሎም ተቃጥሎ ነበር።

በማግስቱ ጅማ ወርጄ ሲስተር ማርታን አገኘኋቸው። ሁሉንም ስነግራቸው ጋውናቸውን እያጠፉ ነበር፤ ማጠፍ አላቆሙም።

«ሆዷን ጠየቅሽ?»

«አልጠየቅሁም።»

«አማቷ ነበሩ?»

«ነበሩ።»

«ካርዱስ?»

«ካርድ ክፍል ነበር።»

ጋውኑን አስቀመጡት። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ነገ ይዘሻት ነይ» አሉ፤ በነጋታው ዘሃራን ይዘን ሐኪም ጋ አብረን ገባን። ሐኪሙ አዝኖ አማራጩን ሁሉ አስረዳት። ዘሃራ «የተሰጠኝን በእጄ አላወጣም» አለች። «እንግዲያው ስምንተኛው ወር ሲገባ፣ ምጥ ሳይጀምር፣ እዚህ መጥተሽ ተኚ። አንድ ቀን እንኳ እንዳታዘገዪ» አላት።

እነዚያ ወራት እንዴት እንዳለፉ አልችልም ልናገረው። መኪና ግቢ በገባ ቁጥር ሥራዬን ጥዬ ወደ በሩ እሮጣለሁ። ሃርሜ ፋጡማ ደስታ በደስታ ሆኑ። አንድ ቀን አንድ ማሰሮ ማር ይዘውልኝ መጡ። «ብይ ሲስተር፣ ያንቺም ድካም አለበት» አሉኝ፤ ሲስቁ ዓይናቸው አልሳቀም። ማሩን መደርደሪያ ላይ አደረግሁት። አልከፈትሁትም። እዚያው ሆኖ ረጋ።

ስምንተኛው ወር የገባው ጥቅምት ላይ ነው፤ ቡናው ሲቀላ። ዘሃራ ልሂድ ስትል ሃርሜ ፋጡማ «ለቀማው ይለፍና» አሏት። ለምን አሁን መሄድ እንዳለባት መናገር አልቻለችም፤ ከተናገረች ሁሉንም መናገር ነው። እኔም ቤታቸው ድረስ ሄጄ «ደሟ አንሷል፣ ሆስፒታል ትተኛ» አልሁ፤ ያንኑ የሰባቱን እውነት ይዤ። ሃርሜ ፋጡማ «ደሟን እኛ እንሞላዋለን» አሉኝ።

አንድ ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና እያገላበጠች ሳለ ነው ምጥ የያዛት። በእንጨት ቃሬዛ ጤና ጣቢያ አደረሷት። ምጡ ሲመላለስ ቆይቶ ድንገት ጸጥ አለ። ስታዋልድ የኖረች ሴት ያን ጸጥታ ታውቀዋለች፤ ከጩኸት የከፋ ነው። እሸት ቡና የጫነ አይሱዙ አስቁመን፣ ኬሻዎቹን ገፍተን አስተኛናት፤ አጠገቧ ሆኜ የደም ግፊቷን እየለካሁ፣ ግሉኮሱን በእጄ ከፍ አድርጌ ይዤ ወረድን። መለኪያው ወረደ፣ ደግሞ ወረደ። «ሲስተር፣ ልጄን» አለችኝ፤ ቤት ስለቀረችው ልጇ ነው የምታወራው። እመቤቴን ብዙ ጊዜ ጠርቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ጮኼ ጠርቻት አላውቅም። ሾፌሩ ሙስሊም ነው፣ እሱም በበኩሉ ያ ረቢ ያ ረቢ ይላል።

ዘሃራ ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም። ማህፀኗ ተተርትሮ ስለነበር አወጡት።

ከዚያ በኋላ በሆነው ሀገሩ ሁሉ ተገርሟል። ልጃቸው ሌላ ሚስት ያገባል ተብሎ ሽማግሌ ሲሰበሰብ የተቃወሙት ሃርሜ ፋጡማ ናቸው። «ሁለተኛ ሚስት በዚህ ደጃፍ የምትገባው ሬሳዬን ተሻግራ ነው» አሉ። ልጅ ልጅ ሲሉ የኖሩ ሴት! ልጃቸውም እምቢ ማለት አልቻለም። ዘሃራ በአንዲት ልጇ ቤቷን ይዛ ቀረች። እኔ ሩኅሩኅ ሆኑ ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ። ምክንያቱን አላወቅሁም።

እኔም ከየቡ ወደ ጅማ ተዛወርሁ። ትምህርት አሻሽዬ ነርስ ሆንሁ። ሲስተር ማርታ ጡረታ ወጥተው ሀገራቸው ገቡ። ከዚያ ወዲህ በእጄ ያለፈች ሴት ሁሉ ሦስቱን ጥያቄዎች ሳትጠየቅ አልወጣችም፤ ማንም ቢከተላት።

ጡረታዬ ሲቃረብ ሥልጠና ላይ ተቀመጥሁ። ወጣት ሐኪም ነው ያስተማረን። የአንጀት ባክቴሪያዎችና የጾታ ሆርሞኖች እርስ በርስ እንደሚነካኩ፣ ሆርሞኑ የሆድን ፍጥረታት እንደሚለውጥ፣ እነሱም በተራቸው ሆርሞኑን ወደ ደም በመመለስ እንደሚሳተፉ ነገረን። ሲስተር ማርታ ገንዳ ዳር ያሉኝ ነው። ቀጥሎ ግን፣ የተለመዱት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ክኒኑን ያከሽፋሉ የሚለው በጥናት እንዳልጸና፣ በእርግጥ የሚያከሽፈው የሳንባ ነቀርሳው መድኃኒት ሪፋምፒሲን እንደሆነ፣ እሱም በጉበት በኩል መሆኑን አስረዳ። እጄን አወጣሁ።

«ኮሶስ ዶክተር?»

አዳራሹ ሳቀ። እሱም ሳቀና አሰበ። «ማስመለስና ብርቱ ተቅማጥ ካለ ክኒኑ ሳይሰርግ ይወጣል እማማ። ያን ጊዜ ሌላ መከላከያ መጨመር ነው። መጠየቅ ያስፈልጋል።»

መጠየቅ ያስፈልጋል። ሰው እፎይ የምል ይመስለው ይሆናል። እኔ ግን የባሰ ፈራሁ። ቴትራሳይክሊኑ ነው እያልሁ ጥቂቱን ጥፋት ለባለሱቁ ሰጥቼው ኖሬ ነበር። አሁን ተመልሶ ወደ ሄጦው፣ ከሄጦው ወደ እኔ መጣ።

በሥራዬ የመጨረሻ ወር ላይ ሃርሜ ፋጡማ ጅማ ድረስ መጡ። አርጅተዋል፤ በምርኩዝ ነው። ክፍሌ ገብተው በሩን ራሳቸው ዘጉ።

«ሲስተር፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። እስክሞት ለዘሃራ እንዳትነግሪያት።»

«እሺ ሃርሜ።»

«ያን ክኒን አግኝቼው ነበር። የደረቀ ቡና ጎተራ ውስጥ። ነጭም ቡናማም ሲሆንብኝ አንድ ፍሬ ከእያንዳንዱ ይዤ ጅማ መድኃኒት ቤት አሳየሁ። ቡናማው ለደም ነው፣ ነጩ እንዳትወልድ ነው አሉኝ። አልጮኽሁም። እናንተ ብልጥ ከሆናችሁ እኔም ብልጥ ነኝ አልሁ። ሄጦውን ያጠጣኋት ክኒኑን አጥቤ ላወጣው ነው። ማሩንም ያመጣሁልሽ አሸንፌሻለሁ ልልሽ ነበር።»

ወንበር ሳብሁላቸው።

«ልትሞት እንደምትችል ግን የነገረኝ የለም» አሉ። ምርኩዛቸውን መሬቱ ላይ መታ መታ አደረጉ። «ሆስፒታል ሐኪሙ ለልጄ ሲነግረው ነው የሰማሁት። ቀድሞም ነግሬያት ነበር ሲል። ባውቅ ኖሮ፣ አንቺ ብትነግሪኝ ኖሮ፣ በእጄ አጠጣት ነበር? ልጄ እኮ ናት።»

«ምስጢሯ ነበር ሃርሜ። የእኔ አልነበረም።»

«አውቃለሁ። ልወቅስሽ አልመጣሁም። የፈራሁት አላህን ነው። ቂያማ ላይ አብረን ነው የምንጠየቀው ልልሽ ነው የመጣሁት፤ ብቻዬን መቆም ፈርቼ።»

ያን ጊዜ የዘሃራን ምስጢር ከሳቸው ደበቅሁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሳቸውን ከዘሃራ።

ሃርሜ ፋጡማ ባለፈው ዓመት ዐረፉ። ይህን ጽሑፍ ስጨርስ መጀመሪያ ያነበብሁላት ለዘሃራ ነው። አሁን ልጇ ዘንድ ጅማ ስላለች አንዳንድ ቅዳሜ ትጠይቀኛለች። ፊት ለፊቷ ተቀምጬ፣ ማንንም ሳላስወጣ፣ ማንም አልነበረምና፣ እስከዚህ ድረስ አነበብሁላት። የአማቷ ቦታ ላይ ስደርስ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጣለች። ሳነብ ቆየሁ። ስጨርስ ሻርፗን ገለጠች።

«ምስኪን ሃርሜ» አለች በመጨረሻ። «እኔ አንድ ቀን ፈራሁ፤ እሳቸው ይህን ሁሉ ዓመት።» ከዚያ እጄን ያዘችኝ። «አንቺም አትጨነቂ ሲስተር። ያን ቀን ብትጠይቂኝም አልነግርሽም ነበር። እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው እንዴት እነግርሻለሁ?»

መልካም ሴት ናት። እንዳርፍ ብላ ነው። አሜን ብዬ ተቀበልሁላት፤ ሸኘኋት፤ በሩን ዘግቼ ሦስቴ ጎተትሁት።

ካርድ ክፍሉ ግን አርባ እርምጃ ነበር።